ፋሻው እስኪፈታ

ይድረስ ለውድ አባቴ

አባባ፣ እንደምን አመሹ? ሰላምታውን በሌላ ቀን አስረዝመዋለሁ፤ ዛሬ ያለን አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሰብለ ደውላ የቀኝ ዓይንዎ ሞራ ተነስቶ ሌንሱ መግባቱን፣ ፋሻውም ነገ ጠዋት እንደሚፈታ ነገረችኝ። የግራው ሞራ ገና ስላልተነሳ ዛሬ ማታ ቤቱ እንደጨለመብዎት አውቃለሁ። «ያ በካሴት ያየነው የህንድ ፊልም ላይ ከኮርማ ጋር የታገለው ሰውዬ፣ እውነት ዓይኑ ተጎድቶ ነበር ይባላል፤ ድኖለት ይሆን? ልጄን ጠይቂልኝ» ብለዋል አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ላልደወለ ልጅ ወቀሳ ሳይሆን ይህን ጥያቄ መላክዎ አንጀቴን በላው።

ድኖለታል፣ አባባ። ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚያልቅ ሰው አይደለም። በስልክ ልንገርዎ ብል መስመሩ እየተቆራረጠ አያስጨርሰንም፤ ስለዚህ ጻፍኩት፤ ሰብለ ቀስ ብላ ታንብብልዎት። እርስዎ ትራስዎን ከፍ አድርገው በጀርባዎ ይተኙ፤ በቀኝ ጎንዎ እንዳይዞሩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ስሙ ቪ. ሻንታራም ነው። በ1901 ኮልሃፑር ተወለደ፤ እኔ ካለሁባት ከፑኔ በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። ትምህርቱን ብዙ አልገፋበትም። ልጅ ሳለ በቲያትር ቡድን ውስጥ መጋረጃ ይስብ ነበር፤ ቀጥሎ ሁብሊ ወርዶ በባቡር መጠገኛ ጋራዥ ሠራ፤ ከዚያም ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመ። በር ላይ የቆመ ሰው ፊልሙን ያለ ቲኬት ያያል፤ ለእኔ የሻንታራም ትምህርት ቤት ያ በር ነው።

በ1920 ኮልሃፑር ተመልሶ ባቡራኦ ፔይንተር ከሚባል ሠዓሊ የፊልም ኩባንያ ገባ። ይህ ሠዓሊ ካሜራ በገዛ እጁ የሠራ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ተዋናይ መሆን ማለት ቀለም መቀባት፣ ዕቃ መሸከም፣ የተነሳውን ፊልም በጨለማ ክፍል ማጠብ፣ ከዚያ ልብስ ቀይሮ ካሜራ ፊት መቆም ማለት ነበር። በ1925 አራጣ አበዳሪ መሬቱን የወሰደበትን ወጣት ገበሬ ሆኖ ተጫወተ። ገበሬው አገሩን ጥሎ ከተማ ይገባል፤ ፋብሪካ ይቀጠራል። አብዛኛው ፊልም የአማልክትና የነገሥታት ታሪክ በነበረበት ዘመን የባለዕዳ ገበሬ ፊት ማሳየት ትልቅ ድፍረት ነው። በ1927 ራሱ ማዘጋጀት ጀመረ፤ በ1929 ከአራት ሸሪኮች ጋር ፕራብሃት የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ፕራብሃት ንጋት ማለት ነው። ዓርማው ረጅም መለከት የምትነፋ ሴት ናት።

ድምፅ ያለው የመጀመሪያው የህንድ ፊልም በማርች 1931 ቦምቤይ ታየ። በዓመቱ ፕራብሃትም የአዮድያውን ንጉሥ ታሪክ ይዞ ወጣ፤ በማራቲም በሂንዲም። እንግዲህ ያን ጊዜ በሁለት ቋንቋ መሥራት ማለት አንዱን ትዕይንት በማራቲ ጨርሶ፣ መብራቱም ካሜራውም ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ያንኑ በሂንዲ መድገም ነበር። ተዋናዩ ቃሉን ሁለት ጊዜ ያጠናል፤ ልቅሶውንም ሁለት ጊዜ ያለቅሳል። ዘፈኑም እዚያው ካሜራው ፊት ይዘፈናል፤ ሙዚቀኞቹ ሌንሱ ከማያያቸው ጥግ ተደብቀው ይጫወታሉ። ዘፋኟ ፊቷን ካዞረች ድምፅዋ ይርቃል፤ ከበሮው ከቀረበ ግጥሙን ይውጠዋል። ካሜራው ራሱ ስለሚንኳኳ በሳጥን ይታፈናል። መሀል ላይ አንድ ሰው ካሳለ ሁሉም እንደገና ነው። አንዱ ዘፍኖ ሌላው ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስበት ዘዴ በህንድ ፊልም የገባው በ1935 ካልካታ ላይ ነው።

በ1933 ቀለምም ሞክሮ ነበር፤ «ሳይራንድሪ» የሚለውን ፊልም ጀርመን ወስዶ አሳተመ። ሁለት ፊልም ተደራርቦ የሚነሳበት ዘዴ ነው። ሁለት ቀለም ብቻ ስለሚይዝ የቀረውን ሁሉ ከእነዚያ ማውጣት አይችልም። አልተሳካም። ግን እዚያው ጀርመን የስቱዲዮዎቹን አሠራር አይቶ፣ ተምሮ መጣ፤ ከኪሳራ ይህን ያህል ይዞ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት ኩባንያው ወደ ፑኔ ተዛወረ። ያ ግቢ ከ1960 ወዲህ የመንግሥት የፊልም ትምህርት ቤት ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ አባባ፤ ሥራውም ያው አሮጌ ፊልም ማጽዳትና የተቀደደውን መቀጠል ነው፤ አይከብድም። ክፍሌ ንጹህ ናት። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ዳር ዶሳ ይጋገራል፤ ከሩዝና ከጥራጥሬ የሚቦካ ቂጣ ነው። ሊጡ ምጣዱን ሲነካ የሚወጣው ኮምጣጣ ሽታ የእማዬን እሑድ ጠዋት ያመጣብኛል፤ ነፍሷን ይማረውና፣ ያን መንገድ ቀይሬ በሌላ በኩል የሄድኩባቸው ቀናት አሉ።

ወደ ዓይን ነገር ልመለስ፤ ከእሱ ዓይን በፊት ግን የሌላ ሰው ዓይን አለ። በፑኔ የሠሩት የመጀመሪያ ፊልም «አምሪት ማንታን» ነው፤ 1934። የእንስሳና የሰው መሥዋዕት የሚጠይቅ ጨካኝ ካህን አለበት፤ የተጫወተው ቻንድራ ሞሃን፣ በዓይኖቹ የታወቀ ተዋናይ ነው። ሻንታራም የካህኑን አንድ ዓይን ብቻ ወስዶ ሸራውን ሞላበት። እንዴት ቢሉ፣ ካሜራውን ፊቱ ድረስ ቢያስጠጋው የካሜራው ጥላ ይወድቅበታል፣ መልኩም ይዛባል። ስለዚህ ከሩቅ የሚስብ ረጅም ሌንስ ተጠቀመ። እንዲህ ያለ ሌንስ ብርሃን ይጠጣል፤ መብራት መጨመር ግድ ነው፤ መብራቱ ሲበዛ ሙቀቱ ዓይን ያስለቅሳል። ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀትም በጣም ጠባብ ነው። ተዋናዩ ትንፋሽ ሲወስድ ትንሽ ወደ ፊት ካለ፣ ዓይኑ ሞራ እንደያዘው ሁሉ ይደበዝዛል። እና ያን ሁሉ ብርሃን ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ ሳይነቃነቅ፣ ማስፈራራት አለበት። የሸራው ወርድ ሙሉ አንድ ዓይን። ያኔ ከሰው ፊት ላይ አንድ ብልት ለይቶ ይህን ያህል ማሳየት በህንድ ፊልም ያልተለመደ ነገር ነበር።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን የ1937ቱን «ዱንያ ና ማኔ»ን ነው። በማታለል ለሽማግሌ የተዳረች ልጅ ናት፤ ባሌ አይደለም ብላ ትቆማለች። ሻንታ አፕቴ ተጫወተችው። ፊልሙ ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም። የሚሰማው የቤቱ ድምፅ ብቻ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት የሽማግሌውን ዕድሜ ይቆጥራል፤ ልጅቷ ስትዘፍን እንኳ የሚያጅባት ክፍሉ ውስጥ ያለው የሸክላ ማጫወቻ ነው። ይህ ለምን ይከብዳል? ሙዚቃ ስፌት ይሸፍናል። አንዱን ምስል ከሌላው ስንቀጥል የክፍሉ ድምፅ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከሥሩ ሙዚቃ ካለ ጆሮ አያስተውለውም፤ ከሌለ መጋጠሚያው ሁሉ ይሰማል። ይህ ሰው ስፌቱን ራቁቱን ትቶ ነው የሠራው። ያውም ለዘፈን ሲኒማ ቤት በሚሞላ ሕዝብ ፊት።

ሰብልዬ፣ አንቺ ወደሽ፣ አባባ መርቆሽ ስለምታገቢ ስንት ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ልጁን በስልክ ሳነጋግረው ያፈረ መሰለኝ፤ አፋር ሰው ደስ ይለኛል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ያላችሁት ቀን እንዳይቀየር። እመጣለሁ ብዬ አልምልልሽም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ እስኪታደስ ድረስ ትኬት መቁረጥ አልችልም። ከመጣሁ ግን የሙሽራ መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ፤ ለሌላ እንዳትሰጡብኝ።

በ1941 «ፓዶሲ» የሚባለውን የሁለት ጎረቤታሞች ፊልም ሠራ፤ አንዱ ሂንዱ፣ ሌላው ሙስሊም። ሂንዱውን ሙስሊም ተዋናይ፣ ሙስሊሙን ሂንዱ ተዋናይ እንዲጫወት አደረገ። በዓመቱ ከፕራብሃት ወጥቶ ቦምቤይ ላይ ራጅካማል የሚባለውን የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ራጅ ከአባቱ ከራጃራም፣ ካማል ከእናቱ ከካማላ ነው፤ የሁለቱን ስም በር ላይ ሰቀለው።

ሰብልዬ፣ የሚቀጥለውን አንቀጽ ለአባባ አታንቢበት፤ ላንቺ ብቻ ነው። በ1946 ሻንታራም ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ የተጫወተው የዶክተር ኮትኒስ ታሪክ አለ። ኮትኒስ በእውን የነበረ የሶላፑር ልጅ ነው፤ በ1938 ከአራት ሐኪሞች ጋር ቻይና ዘመተ፣ ቁስለኛ ሲያክም፣ እዚያው አግብቶ፣ በ1942 በ32 ዓመቱ እዚያው ሞተ። እሱ ቻይና ሳለ አባቱ ሞቱ፤ አልተመለሰም። ይህን ፊልም እስከ መጨረሻው ማየት አልችልም። ለእማዬ ቀብር ያልደረስኩት ልቤ ደንድኖ አይደለም፤ ያኔም ፈቃዴ እድሳት ላይ ነበር፣ ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝም፤ ባልመለስ ደግሞ የአባባ ዓይን በምን ይሠራ ነበር? ባለፈው «አንተ ምን ቸገረህ» ያልሽኝ ቃል አልወጣልኝም። አልተቀየምኩሽም። የሦስት ዓመት ሸክም ብቻሽን ተሸክመሻል፣ አውቃለሁ። ሁለት ወር ያልደወልኩት ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር ነው፤ አባባ ድምፄን ሰምቶ እንዳይነቃብኝ ፈርቼ። አሁን ተስተካክሏል። አንቺ ግን ሥራ በዝቶበት ነው በይው። ከዚህ በታች ቀጥይለት።

አባባ፣ እነሆ የጠየቁኝ። «ዶ አንኬን ባራህ ሃት» በ1957 ወጣ፤ ሁለት ዓይን፣ አሥራ ሁለት እጅ ማለት ነው። ስድስት ነፍሰ ገዳዮችን ከወህኒ አውጥቶ፣ ያለ ሰንሰለት፣ በረሃ መሬት የሚያሳርሰው የእስር ቤት ሹም ራሱ ሻንታራም ነው። አሥራ ሁለቱ እጆች የእስረኞቹ፣ ሁለቱ ዓይኖች የእሱ። ታሪኩ ከሜዳ አልመጣም፤ በአውንድ ግዛት ስዋታንትራፑር በሚባል ቦታ ግንብ የሌለው እስር ቤት ተሞክሮ ነበር። ከዚያ በፊት በ1955 የሠራው የጭፈራ ፊልም በቴክኒካለር ቀለም ያሸበረቀ፣ ሕዝብ የጎረፈለት ነበር፤ እሱ ግን ለዚህኛው ወደ ጥቁርና ነጭ ተመለሰ። ደረቅ አፈርና የእስረኛ ፊት ቀለም አይፈልግም ብሎ እንደሆነ ነው የማምነው።

እያዘጋጁ መጫወት እንዴት እንደሚከብድ ሰዎች አያውቁም። ያኔ እንደዛሬው የተቀረጸውን ወዲያው የሚያሳይ ስክሪን የለም። ካሜራ ፊት የቆመ አዘጋጅ ራሱን አያይም፤ የካሜራውን ሰው ዓይን ያምናል፣ ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ካልሆነ ያን ሁሉ ይደግማል። ኮርማ ግን ድገም ቢሉት አይደግምም። መጨረሻ ላይ ምቀኛ ነጋዴዎች ኮርማዎቹን እርሻው ላይ ሲለቁ የሚታገለውን ትዕይንት ሻንታራም ራሱ ገባበት፤ ዕድሜው ከ50 በላይ ነበር። እዚያ ላይ ነው ዓይኖቹ የተጎዱት። ጨርሶ ሊታወር ይችላል ተብሎ ተፈራ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ታሽገው ከረሙ። ከእርስዎ ሌሊት የእሱ በብዙ ይረዝማል፣ አባባ።

ፋሻው ሲፈታ አየ። ፊልሙም በ1958 በርሊን ላይ የብር ድብ ሽልማት አገኘ፤ አገር ውስጥም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ተሸለመ። እሱ ግን ወዲያው ሌላ ጀመረ። በ1959 «ናቭራንግ» ወጣ፤ ዘጠኝ ቀለማት ማለት ነው። ሲከፈት ሻንታራም ራሱ ብቅ ብሎ ስለዚያ ስለታሸገበት ጊዜ ይናገራል፤ የፊልሙ ቀለማት የመጡለት በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራ፤ በ1985 የህንድ ፊልም ትልቁን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት ተቀበለ፤ በ1990 አረፈ።

አሁን ስለ መድኃኒቱ። ጠብታውን ከማስገባትዎ በፊት ሰብለ እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ የጠርሙሱ አፍ ዓይንዎን እንዳይነካ። ሁለት ዓይነት ከሆነ በመካከሉ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ አንዱ ሌላውን እንዳያጥበው። ዓይንዎን አይሹት፤ አይጎንበሱ፤ ጫማዎን እሷ ትሰርልዎት፤ ለጸሎት ሲሰግዱም ለጥቂት ሳምንት በቁምዎ ይሁን፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ሕመም ቢበረታ ወይም እይታዎ ከመሻሻል ይልቅ ቢቀንስ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያን ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ለግራው ዓይን ብር 30 ሺህ ሰብለ ስም ልኬያለሁ፤ ከሠርጉ ጋር እንዳይደባለቅ፤ የሠርጉን በሚቀጥለው ወር እልካለሁ።

ነገ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩትን ነገር ሰብለ ትጻፍልኝ። ቀለሙንም ጭምር።

ልጅዎ፣ ከፑኔ