ያያቴ ፉከራ

ይድረስ ለአባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሑድ በስልክ ድምፅዎ ሻከረብኝ። «ብርዱ ነው» አሉኝ። ብርድ ከሆነ ደግ፤ የሐሙሱን ቀጠሮ ግን አደራ እንዳያልፉት።

ትንሿ ልጄ ራፕ ጀምራለች፣ በአማርኛ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ «የፈረንጅ ልፍለፋ»። የግጥም ደብተሬን ምድጃ ውስጥ የጣሉት ዕለትም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ከደብተሩ ይልቅ እስካሁን የሚያመኝ ቃሉ ነው።

ከአሜሪካ መምጣቱን አልክድም። ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ሴኔጋል፣ ዳካር ላይ የተቋቋመው የራፕ ቡድን ፖዚቲቭ ብላክ ሶል የአገሩን ቋንቋ ወሎፍን ከፈረንሳይኛና ከእንግሊዝኛ እኩል አሰለፈው። በ1991 ታንዛኒያዊው ሳሌህ ጃቢር የአሜሪካኖቹን ምት ይዞ ግጥሙን ወደ ስዋሂሊ መለሰው። ጋናዊው ሬጂ ሮክስቶን በትዊ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ኤችኤችፒ በሴትስዋና ቀጠሉ። እኛም ዘንድ ቴዲ ዮ «ጉራጌ ቶን» ብሎ የጉራጌን ምት አስገባበት። ሁሉም ወደየቤታቸው ነው የወሰዱት፣ አባባ።

የልጅቷን ስንኝ ይዩልኝ፦

«ያያቴ ፉከራ፣ ጣፎ ላይ በቀለ»

ይቁጠሩት፤ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ደህና የወል ቤት ነው። ቢቱ፣ ከሥር የሚሄደው ሙዚቃ፣ በደቂቃ 90 ጊዜ ይመታል። አራት ምት አንድ ባር ነው፤ እያንዳንዱ ምት ለአራት ሲሸነሸን ባሩ 16 ቀለም ይይዛል። 12ቱ ሲገባ አራት ይተርፋል። «ፉከራ» ላይ «ከ»፣ «በቀለ» ላይ «ቀ» ስለሚጠብቁ ሁለቱን ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ለትንፋሽ ይቀራል። አራት አምስት ፊደል የሚጠብቅበት ስንኝ ከሆነ ግን ትንፋሽ የለም፤ የመጨረሻው ቃል ከአራተኛው ምት አልፎ ይወድቃል። ልጆቹ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይምና ወረቀት ላይ ልክ የሆነው ሲባል ያመልጣል። እሷ አሁን በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ታደርጋለች።

ሌላው ቤት አመታቷ ነው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚውል «እመጣለሁ፣ እሄዳለሁ፣ አያለሁ» እያሉ መዝጋት ይቀላል፤ ከአራት ስንኝ በኋላ ግን ጆሮ ይሰለቸዋል። እርስዎ ሠርግ ላይ ሲፎክሩ ግሡን ወደ መሃል ስበው በስም ነበር የሚዘጉት። ያን ላሳያት ሞክሬ አልሆነልኝም። እኔም በጊዜው አልጠየቅሁዎትም፤ አኩርፌ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ፉከራዎን በስልክ ይቅዱልኝ። ከሐሙስ በፊት ይሁን።

ወንድሜ ይያዝልዎት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ካለ ይቆዩ፤ ድምፁ አንዴ ከገባ አይወጣም። ክፍሉ እንዳያስተጋባ ከጀርባዎ ብርድ ልብስ ይስቀል። ስልኩ ከአፍዎ አንድ ክንድ ይራቅ፤ ከቀረበ ጩኸቱ ይሰነጠቃል፣ በኋላ የሚጠግነው የለም። ወደ ጎን ዘወር ያድርገው፤ ፊት ለፊት ከሆነ የአፍዎ ትንፋሽ እንደ ጅራፍ ይመታዋል። ጥሪ እንዳያቋርጥ ኔትወርኩን ያጥፋው። መጀመሪያ ትንሽ ቀድቶ ያድምጠው።

ድምፅዎ ቢሻክርም ግድ የለም፤ በዝግታ ይበሉት። ሲጨርሱም ወንድሜ ቶሎ አያጥፋው፤ ትንፋሽዎም ይቀዳ።

ልጅዎ፣ ከጣፎ