ጣራው ወድቋል፣ ክረምቱ አላለቀም፦ ዳግም የድጋፍ ጥሪ

ይድረስ ለሰፈራችን ልጆችና ወዳጆች፣ አገር ውስጥም ውጭም ላላችሁ፦

አዎ፣ በሰፈራችን ላለው የድሮ የአፈርና የድንጋይ ካብ መዋጮ ልንጠይቅ ደግመን መጣን። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ከካቡ በላይ ያቆምነውን የቆርቆሮ ጣራ አወረደው። ምሰሶዎቹ ሲወድቁ የካቡን አንድ ጎን ይዘውት ሄዱ። ለጊዜው ሸራ አልብሰነዋል። ሸራው ግን ነሐሴን አይሻገርም።

የተናደውን ቦታ ቀርባችሁ ብታዩት ያሳዝናል፣ ያስደንቃልም። ከላይ ቀይ አፈር አለ። ከሥሩ ቡጢ የሚያክል ድንጋይ ተራ በተራ ተደርድሯል። ከዚያ ደግሞ ጥቁር አፈር ተጠቅጥቋል። ይህ ጎርፍ ያመጣው አይደለም፣ ሰው የለፋበት ነው። ማን? ሽማግሌዎቻችን «የግራኝ ካብ» ይሉታል። አይ፣ ምኒልክ እንጦጦ ሳሉ ያሠሩት ነው የሚሉም አሉ። ኮሚቴውም በዚህ ነገር ተስማምቶ አያውቅም።

«አንድ የአፈር ክምር ምን ያደርጋል?» ለምትሉን፦ ከዋሻ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ማርያም ባለው ጋራ ላይ 30 ሄክታር የሚሸፍን ምሽግ ተገኝቷል። 12 ማማዎች አሉት፤ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ 520 ሜትር ያህል የድንጋይ ግንብም አለው። የ15ኛው ክፍለ ዘመኗ ከተማ ባራራ እዚያ ትሆን ይሆን እየተባለ ምሁራን ይከራከራሉ። ናይጄሪያ ውስጥም በኢጄቡ ኦዴ ከተማ ዙሪያ ኤሬዶ የሚባል 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዞር ቦይና ካብ አለ። አንዳንድ ቦታ ከቦዩ ወለል እስከ ካቡ ጫፍ 20 ሜትር ይደርሳል። ቢሊኪሱ ሱንግቦ የምትባል ባለጸጋ ሴት አስቆፈረችው ይባላል። እሷው ናት ንግሥተ ሳባ የሚሉም አሉ! (ዕድሜው ወደ 1000 ዓመት ስለሚገመት ከማክዳ ዘመን ጋር አይገጥምም። ቢሆንም ደስ ይላል።) የእኛው ካብ እነዚህን ያክላል አላልንም። ባለሙያ ሳያጠናው ጭቃ ሆኖ ከወረደ ግን የሠራው ማን እንደሆነ ጭራሽ አይታወቅም።

«ያኔ ያዋጣነው ብር የት ገባ?» መባሉን ሰምተናል። ደረሰኙ ሁሉ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አጥሩ የተሠራው በዚያ ብር ነው። ገልባጭ መኪና ከካቡ አፈር መጫን ያቆመውም አጥሩ ስላለ ነው። «በባሕር ዛፍ ጣራ ይቆማል ወይ?» ላላችሁን፣ የብረቱን ዋጋ ያኔም በስብሰባ አሳይተናችኋል፤ የነበረን ብር ለባሕር ዛፍ ነበር የሚበቃው። ማን እንደሠራው ለማወቅ ለምን አልቆፈራችሁም ለሚሉም፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ከመዋጮው ላይ ለሻይ እንኳ ሰባራ ሳንቲም አልወጣም።

አሁን የቸገረን የብረት ምሰሶ፣ ቆርቆሮና ድንጋይ የሚሞላበት የጋቢዮን ሽቦ ነው። ድንጋይ ሞልቷል፣ ጉልበትም አለ። ወጣቶቹ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይወጣሉ። ሙስሊም ወንድሞቻችን ከጁምዓ በኋላ የውሃ መውረጃውን ሲጠርጉ ከርመዋል። የአባት አደራ መጠበቅ በሁለቱም ቤት ግዴታ ነው።

ገንዘቡን በእድሩ ስም ንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ በቀድሞው ደረሰኛችሁ ራስጌ ላይ ታትሟል። ብሩ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። እባካችሁ በቴሌብር ለግለሰብ ስልክ አትላኩ። በኮሚቴው ስም ደውሎ ብር የሚጠይቅ ካለ እኛ አይደለንም። ደግመን እንላለን፦ በእድሩ ስም፣ ንግድ ባንክ፣ ደረሰኙ ላይ ባለው ቁጥር። በእጅ የምትሰጡ ቅዳሜ ጠዋት እድሩ ቤት እንገኛለን። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

ኮሚቴው