«ስማቸውን ሰርዘነዋል» ላልሽኝ ልጄ

እናቴ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

እሁድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። መሥሪያ ቤታችሁ የክሊኒኮችን የታካሚ መረጃ ለኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማሠልጠኛ ለሌላ ድርጅት ሊሰጥ ነው። «ስማቸውን ከመረጃው ሰርዘነዋል እማዬ፣ ችግር የለውም» አልሽኝ። ያን ጊዜ መልስ አጣሁ።

ካርድ ክፍል ስሠራ የሆነ ነገር አለ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ነው። አንዲት የእድራችን ሴት መጣች። ለሴት ልጇ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። «የልጁን ካርድ አንዴ ብቻ እይልኝ፣ አንቺም እናት ነሽ» ብላ ለመነችኝ። ገባሁ። ከመደርደሪያው ሳብኩት፣ ገለጥኩት፣ መለስኩት። ስወጣ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። መሬት መሬት ብቻ አየሁ። እሷም ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ሄደች።

ሠርጉ ቀረ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ልጁን አከራዮቹ ከቤት አስወጡት። መድኃኒቱን ሊወስድ መምጣቱንም ተወ። ካርዱ እዚያው አቧራ ለበሰ፤ እኔ በየቀኑ አየው ነበር።

ስሙን አልጠራሁም እኮ፣ ልጄ።

የአሜሪካዊቷን ተመራማሪ የላታንያ ስዊኒን ነገር ዩኒቨርሲቲ እያለሽ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ፣ ስም የተሰረዘበትን የማሳቹሴትስ መንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ በ20 ዶላር ከገዛችው የመራጮች መዝገብ ጋር አመሳከረችው። የአገረ ገዥውን የሕክምና መረጃ ለይታ አወጣች። የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር በቃት። እኛ ሰፈር «የ34 ዓመት መምህርት፣ መንታ የወለደች» ከተባለ ማን ይጠፋዋል?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም የጤና መረጃን ጠበቅ አድርጎ ነው የያዘው።

ፋይሉን ከመላክሽ በፊት አለቃሽን ጠይቂልኝ። ታካሚዎቹ ይህን ያውቃሉ? የትውልድ ቀናቸው ለምን ያስፈልጋል? «ከ30 እስከ 40» ቢባል አይበቃም? ቀበሌውስ ምን ያደርግላቸዋል? «ዝም ብለሽ ላኪ» ካሉሽ አትላኪ።

ደሞዙ እንደሚያስፈልግሽ አውቃለሁ፤ የቤት ኪራዩንም አውቃለሁ። ሥራው ቢቀር ግን ክፍልሽ እንዳለ ነው። አልጋሽን አላነሳሁትም።

እናትሽ