ኮምፒውተሮቻችንን ለመጣል አንቸኩል

ለክቡር አዘጋጁ፣

የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው። ሰሞኑን ወደ ጥገና ቤት የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ይሄ ላፕቶፕ ከእንግዲህ አይሆንም አሉኝ፤ እውነት ነው?» ይላሉ። አንዳንዱ በርካሽ ሊሸጠው፣ አንዳንዱ ፈትቶ ዕቃውን ሊያወጣለት ወስኖ ነው የሚመጣው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ሰበብ ዕቃ ወደ መጋዘን እያስገቡ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ የመጣው ከዊንዶውስ 10 ነው። የዊንዶውስ ባለቤት የሆነው ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን (የደኅንነት አፕዴት መስጠቱን) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሁሉም ማሽን ላይ አይጫንም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መሣሪያ ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር መሆን አለበት። እኔ ጋ የሚመጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ 3ኛ፣ 4ኛ፣ ቢበዛ 6ኛ ጀነሬሽን ናቸው። ስክሪናቸው ይሠራል፣ ኪቦርዳቸው ይሠራል፣ ፕሮሰሰራቸውም ደብዳቤ ለመጻፍና ተማሪ ለማስተማር ከበቂ በላይ ነው። የሚጣሉበት ምክንያት ግን ከአንድ ኩባንያ ዝርዝር ውስጥ ስላልገቡ ነው። ይህ ያናድዳል።

መፍትሔው ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ቦታ ተጭኖ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ስሙን ያልሰሙ አንባቢዎች ካሉ በአጭሩ ልናገር። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ማንም ሰው እንደልቡ የሚጠቀምበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት መነሳቱን እንደ ፈረንጆቹ በ1983 አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስ የሚባለውን የሲስተም እምብርት ጽፎ ለሕዝብ ለቀቀ። በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚሁ እምብርት ላይ ነው። የዓለም 500 ፈጣን ኮምፒውተሮችም እንደ ፈረንጆቹ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። እንግዳ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። ስለ ሊኑክስ ስናገር ሁሌ የሚመጣብኝ መልስ «ዊንዶውስም እኮ ነፃ ነው» የሚል ነው። እውነት አላቸው፤ እኛ አገር ዊንዶውስ በገንዘቡ የሚገዛ ግለሰብ ብዙም አላየሁም። ፎርማት የሚያደርገው ልጅ ከፍላሹ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረውን ይጭናል፣ አለቀ። ስለዚህ ፈረንጆቹ «ብር ትቆጥባላችሁ» እያሉ ሊኑክስን የሚያስተዋውቁበት መንገድ እኛ ዘንድ አይሠራም።

ግን ያ ክራክ ዋጋ የለውም? ዊንዶውሱን የተገዛ የሚያስመስለውን ፕሮግራም (አክቲቬተሩን) ለማስነሳት መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም በኮምፒውተራችን ላይ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል። ቀጥሎ ክራኩ እንዳይነቃበት ተብሎ አፕዴት ይዘጋል። ከዚያ ያ ማሽን ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ይቀመጣል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የሚመጣው ተማሪ ሁሉ ፍላሹን እዚያ ላይ ይሰካል። ፋይል ደብቆ ሾርትከት ብቻ የሚያሳየውን ቫይረስ የማያውቅ የባሕር ዳር ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የዓመት ልፋቱ ጠፋ ብሎ እያለቀሰ የመጣ ተማሪ አይቻለሁ። ያን ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ስሰካው የተደበቁት ፋይሎች በግልጽ ይታያሉ። ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሊኑክስ በምንም አይጠቃም አልልም፤ ይህን የዕለት ተዕለት መከራ ግን ይቀንሳል።

ሌላው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ክራክ የጫነ መሥሪያ ቤት የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ እየተጠቀመ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ልጆቻችንን ገና በጠዋቱ ይህን እያስተማርናቸው ነው። ነፃ ሶፍትዌር ላይ ግን ማንም እንዲጠቀም፣ ውስጡን ከፍቶ እንዲያይና እንዲቀይር፣ ለጎረቤቱም እንዲገለብጥለት በፈቃዱ ላይ ተጽፎለታል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጥ የለመድነው ነገር ነው። በነፃ ሶፍትዌር ግን ሳንሸማቀቅ እናደርገዋለን።

ምን ያስፈልጋል? ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ለዊንዶውስ ሰው አያስቸግርም። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነቱ ለአሮጌ ማሽን ይስማማል። ቢያንስ 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ባዶ ቦታ ይበቃዋል፤ 4 ጊጋ ራም ካለ ደግሞ ጥሩ ይሄዳል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ ማስገባት ከተቻለ ማሽኑ አዲስ የተገዛ ይመስላል። ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ አስነስቶ ዋይፋዩንና ድምፁን መሞከር ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ያለው ዊንዶውስ አይነካም። አፕዴቱም መቼ ይውረድ የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«አማርኛ ይጽፋል ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይጽፋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ኖቶና አቢሲኒካ የሚባሉት ነፃ ፎንቶች ሊኑክስ ላይ በቀላሉ ይጫናሉ። የኪቦርዱን መቼት ካስተካከላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል በድምፁ እየጻፋችሁ «ሰላም» ብሎ ይወጣላችኋል። ሊብሬኦፊስ የሚባለው የጽሑፍና የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ ሜኑውን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። የሚያስቸግረው ዩኒኮድ ሳይመጣ በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ነው። ፎንቱ ከሌለ ገጹ በላቲን ፊደል ውጥንቅጥ ይሞላል። ይህ ግን አዲስ ዊንዶውስ ላይም የሚገጥም ነው። እንዲያውም ማንም ሊከፍተው በሚችል ፎርማት ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ለሁሉም ሰው ይሁን አልልም። ፒችትሪ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛና አውቶካድ የሚጠቀም መሐንዲስ ዊንዶውሳቸውን ቢይዙ ይሻላል። ከአንዳንድ ፕሪንተሮችም ጋር መታገል አለ። ግን የጸሐፊዋ ማሽን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ማሽን፣ የትምህርት ቤቱ ላብ፣ የተማሪው ላፕቶፕ? እነዚህ ላይ የሚሠራው ጽሑፍ፣ ኢንተርኔትና ቪዲዮ ነው።

ከዘጌ እስከ ጎርጎራ በጣና ዳርቻ ያሉትን ትምህርት ቤቶች አስባለሁ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መኖር ምን እንደሆነ እኛ እዚህ እናውቀዋለን። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዊኪፔዲያን በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። አንድ መምህር ከተማ መጥቶ በሃርድ ዲስክ ቢወስደው፣ ላብ ውስጥ ላሉት ማሽኖች ሁሉ ይበቃል። ለትንንሾቹ ደግሞ ጂኮምፕሪ የሚባል ፊደልና ቁጥር የሚያስተምር የጨዋታ ስብስብ አለ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀንም። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ሐይቁን በየአምስት ቀኑ ገደማ እያነሳ ምስሉን ለማንም በነፃ ይሰጣል። ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ ፕሮግራም አረሙ የቱ ጋ እንደተስፋፋ አንድ ተማሪ በገዛ ላፕቶፑ ማየት ይችላል። ፈቃዱ ውድ የሆነውን ሶፍትዌር ወይም ክራኩን መፈለግ የለበትም። የራሳችንን ሐይቅ ለማጥናት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ የለብንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ለዕቃ ግዢና ለንብረት ኃላፊዎች ነው። ኮምፒውተር «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ከመዝገብ ከመውጣቱ በፊት ሊኑክስ ተጭኖ ይሞከር። ሁሉንም በአንዴ መቀየር አያስፈልግም። አንድ ላብ ወይም አንድ ክፍል ይመረጥ፣ ሠራተኞቹ አንድ ሳምንት ይሠልጥኑ፣ አንድ ሴሚስተር ይታይ። ካልሆነ ለመጣል ጊዜው አያልፍም።

ለዝግጅት ክፍላችሁም ጥያቄ አለኝ። አጫጫኑን ደረጃ በደረጃ በአማርኛ የሚያሳይ ተከታታይ ጽሑፍ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ብታወጡ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ጸሐፊ ካጣችሁ እኔ ያለ ክፍያ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር