ልጁ ከአዲስ አበባ አልተሳፈረም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከቤተ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ አይሁዶች ማለቴ ነው፣ ጋር ወደ እስራኤል ስለሄደ ልጅ የሚያወራውን፣ በፈረንጅ 2005 የወጣውን የራዱ ሚሃይሊያኑ ፊልም በተመለከተ የጻፋችሁትን አነበብኩ። አጀማመሩ ደህና ነበር። ፎቶውም ያምራል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ቡናዬን አስቀመጥኩ። ልጁ «በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከተወሰዱት አንዱ» ነው ይላል።

ከአዲስ አበባ? ዘጋቢያችሁ ፊልሙን አይቶታል? ፊልሙ እኮ የሚጀምረው ሱዳን፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። መጨረሻው ቢያመልጠው ሰው ይደክመዋል እል ነበር። መጀመሪያው እንዴት ያመልጠዋል? ፈንዲሻ ሲገዛ ቆይቶ ይሆናል።

እሺ፣ ረጋ ብለን እንነጋገር። ፊልሙ የሚያወራው ስለ ዘመቻ ሙሴ ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 1977 ዓ.ም. እስራኤል ቤተ እስራኤልን በሱዳን በኩል በአውሮፕላን የወሰደችበት ማለት ነው። ሰዉ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ተነስቶ በእግሩ ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ አካባቢ ካምፕ ውስጥ ወራት ተቀመጠ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም አየር ማረፊያ። ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ መንገድ ወጣ። በየመንገዱና በየካምፑ ያለቀው ወደ 4,000 እንደሚደርስ ይነገራል።

የእናንተ 36 ሰዓት ደግሞ ዘመቻ ሰለሞን ነው። ግንቦት 1983። መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር በወጣ በሦስተኛው ቀን ተጀምሮ ከ14,000 በላይ ሰው ከቦሌ ተጫነ። በዚያኛው ሱዳንን የረገጠ የለም።

ስልክ ደውዬ ይህንን ስነግረው ዘጋቢያችሁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያው አይደል እንዴ ጋሼ? ሁለቱም ደርሰዋል።»

ያው አይደለም። እኔ በ77 የወጣሁ ልጅ ነኝ። ከአክስቴ ጋር ነው የሄድኩት። እናቴ አራስ ስለነበረች ሕፃኑ ጠንከር ሲል ልትከተለን ቀረች። ወታደሩም ሽፍታውም ስለሚፈራ ቀን ጫካ ውስጥ ተደብቀን ሌሊት እንጓዛለን። አክስቴ ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥራ ወገቧ ላይ አስራው ነበር። በላቧ ርሶ ጨው ጨው ይል ነበር። ዛሬም ዳቦ ቆሎ ሲቀርብልኝ ያ ጣዕም ይመጣብኛል።

እኔ እስራኤል ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ ወሬው ወጣ። ዘመቻው በየጋዜጣው ተጻፈ። ሱዳንም በሩን ዘጋች። እናቴ ጎንደር፣ እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት። ስልክ የለ፤ ካሴት ነበር የምንላላከው። ሰው ተለምኖ፣ በስንቱ እጅ ዞሮ ይደርሳል። እናቴ ገና ሰላም ሳትለኝ የምትጠይቀኝ «ጫማ አለህ ወይ?» ብላ ነው። ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል። አብረውኝ የሚተኙት ልጆች ዶሮውን ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔ ካሴቱን አጠንጥኜ ደግሜ እሰማለሁ።

እናቴ የመጣችው በዚያ በ36 ሰዓቱ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ወርዳ፣ የእስራኤል ኤምባሲ ደጅ ስትጠና ከርማ። እንግዲህ ዘጋቢያችሁ ሁለቱን ዘመቻ ሲያጋባ ከ77 እስከ 83 ያለውን በሙሉ ዋጠው። በእሱ አጻጻፍ እኔና እናቴ አንድ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን መጥተናል። ምነው እንደ አፉ ባደረገው!

ዘገባው አንድ የፊልም ባለሙያና አንድ የታሪክ ምሁር አናግሯል። እሰየው። ከእኛ ግን አንድም ሰው የለም። እዚህ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ አንድ ቡና ቤት ገብቶ «በሱዳን የመጣ ማን አለ?» ቢል ግማሹ ቤት ይነሳለት ነበር። ለበዓላችን ለስግድ ጊዜ ግን ታውቁናላችሁ። ኢየሩሳሌም ድረስ መጥታችሁ የቄሶቹን ጃንጥላ ታነሳላችሁ። ባለፈው አንዱ ባልደረባችሁ ፀሐይ ላይ አቁሞኝ ስለ ሱዳን ሲጠይቀኝ ዋለ። እኔም ሞኙ ሁሉንም ነገርኩት። ሲወጣ ጃንጥላው ብቻ አለ።

ፊልሙን አልወቅስም። መጨረሻው አካባቢ ለቅሶ ቢበዛበትም። እንዲያውም ልጁ ቤተ እስራኤል አይደለም፤ ክርስቲያን ነው። እናቱ ይትረፍልኝ ብላ፣ ልጇ ከሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ጋር ቀላቅላ ሰደደችው። ካምፕ ውስጥ ረሃቡ የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም ነበር። ያንን ዳይሬክተሩ፣ ሩማንያ የተወለደ የፈረንሳይ ሰው፣ ገብቶታል። በአማርኛ የሚጽፍ ዘጋቢ ሳይገባው ሲቀር ነው የሚከነክነኝ።

ማስተካከያ አውጡ። ገጹ ግርጌ በደቂቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ። «ከአዲስ አበባ» የሚለውን ሰርዛችሁ «ከካርቱም» በሉ፤ 36 ሰዓቱንም አውጡት። ዘጋቢው ማጣራት ከፈለገም እናቴ አለች፣ ደህና ናት። ቢመጣ ቡና ታፈላለታለች። እኔ ግን ያን ቀን ቤት አልገኝም።

አንባቢያችሁ
ከነታንያ