ትሉን በተመለከተ

ወንድምዓለም እንዴት ከረምክ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ጎንደር እንደምታውቃት ነች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው የሚውል የሚያድረው። የመገጭ ወንዝ ሞልቷል፣ ነጭ አሳው ከጣና ሊራባ ወደላይ የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ እኔም መንጠቆዬን ሰቅያለሁ፣ ለዛ ነው ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት።

ሁለት አመት ሙሉ ዝም ያልኩህ ስልክ ጠፍቶብኝ ነው ብልህ አታምነኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ለአሳ ማጥመጃ በሰው የላክልኝ የፕላስቲክ ትል ነው ያሳፈረኝ። "ያዝክበት?" ብለህ ስትጠይቀኝ ምን ልበልህ፣ ግማሹን ምሳ እቃ ውስጥ ከትቼው ከእቃው ጋር ተጣብቆ ቀለጠ (ለካ ለስላሳው ፕላስቲክ ጠንካራውን ይበላል፣ በመጣበት ላስቲክ ብተወው ምን ነበረበት)፣ ከተረፈው ደግሞ ብዙውን አባይ በላው።

እህቴ ባህርዳር ስለሆነች መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቅ እላለሁ። አባይ ከጣና እንደወጣ ታውቀዋለህ፣ ላዩ ዝም ያለ ይመስላል ውስጡ ግን ይጎትታል። እኔ ሆዬ ልጅ ሆነን ቀሃ ወንዝ ላይ የምድር ትል እንደምንሰካው ወገቡን ሰክቼ እወረውራለሁ፣ ትሉ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ ክሩ ይጠማዘዛል፣ ከዛ ድንጋይ ይይዘውና በቃ ብጥስ። በአንድ ጠዋት ስድስት ትል! ጉማሬዎቹ ራሳቸው ሳይታዘቡኝ አልቀሩም።

አሁን ግን ገብቶኛል፣ ትሉ ቀጥ ማለት አለበት። የመንጠቆውን ጫፍ ከአናቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል አስገብተህ በጎን ታወጣዋለህ፣ ክር የሚታሰርበት የመንጠቆው ቀለበት የትሉ አናት ውስጥ እስኪገባ ስበህ ታዞረዋለህ፣ ከዛ ሳትወጋ በፊት መንጠቆውን ከትሉ ጎን አስተኝተህ የት እንደሚደርስ ታያለህ፣ እዛችው ጋ ትወጋለህ። ትንሽ ካሳለፍክ ወይ ካስቀደምክ ይጎብጥና መሾሩን ይጀምራል። ጫፉን ድንጋይና ሳር እንዳይዘው ቆዳው ስር መልሰህ ትደብቃለህ፣ እናንተ ቴክሳስ የምትሉት አሰካክ መሆኑ ነው።

ትሉን ወደ ታች የሚያሰምጠው እርሳስ ነው ያሰቃየኝ። 7 ግራም ስታስር ውሃው መሬት ሳያስነካ ይዞት ይሄዳል፣ አሳው ግን ታች ነው፣ ምክንያቱም ውሃው ከስር ከድንጋዩ ጋር ስለሚፋተግ ይዘገያል፣ አሳውም ጉልበቱን ላለመጨረስ ድንጋይ ጀርባ ይቆማል። 28 ሲሆን ደግሞ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ጠቅ ጠቅ እያለ መሬቱን እየነካካ የሚሄድ ነው የምትፈልገው፣ እኔ በቆምኩበት 20 ግራም አካባቢ ሆነልኝ፣ ውሃው ሲጨምር ግን ሌላ ነው። የእርሳሱ ቀዳዳ ውስጥ ስቴኪኒ ሰክተህ ስበረው፣ እርሳሱ ከትሉ አይርቅም። ስትወረውር ውሃው ወደሚመጣበት በሰያፍ፣ ዘንጉን ከፍ አድርገህ፣ ክሩም ቀጭን ይሁን፣ ወፍራሙን ውሃው እንደ ሸራ ነው የሚገፋው።

እርሳስ ሲያልቅብኝ ደግሞ ጋራዥ ሄጄ አሮጌ ዳዶ ለመንኩ ብልህስ! ዳዶው ከታች፣ መንጠቆው ከሱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ዳዶውን የማስርበት ክር ግን ደከም ያለ ነው፣ ድንጋይ ሲይዘው ዳዶው ብቻ ይቀርና ትሉ ይመለሳል። ከዛ ወዲህ የጠፋብኝ ሁለት ትል ብቻ ነው። የተቀደደውን በላይተር አቅልጬ እቀጥለዋለሁ፣ ውሃ ውስጥማ አልጥለውም፣ አሳው ከዋጠው አይፈጭለትም።

እና አዎ ያዝኩበት፣ ነጭ አሳ፣ ከክንዴ የሚረዝም፣ እጄ እስኪንቀጠቀጥ ታገለኝ። አምባዛ ግን ዞር ብሎም አላየኝ፣ እሱ በጢሙና በማሽተት ነው የሚያድነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ ምን ይሸታል።

ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ካገኘህ 3/0 ቁጥር መንጠቆ ላክልኝ። ትል አትላክ፣ አስራ አንድ ቀርቶኛል። እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ "ያ ልጅ አሁንም ውሃ ዳር ነው የሚውለው?" ብላ ጠይቀው ብላኛለች፣ መልሱን ለሷ ራስህ ደውለህ ንገራት።