ደብዳቤ ለልጄ፦ ከብሉዋ ስለላክሽልኝ ፎቶ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር። ፈረንሳይ ካለው ከብሉዋ ቤተ መንግሥት የላክሽውን ፎቶ ወንድምሽ በስልኩ አሳየኝ። በእግር ሲረገጥ የሚከፈተውን የግድግዳ ቁም ሣጥን አየሁት። ከሥሩ «እማዬ፣ ካትሪን ደ ሜዲቺ መርዟን እዚህ ነበር የምትደብቀው አሉን» ብለሻል። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረች እናትሽ ይህን አንብባ ዝም የምትል መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ንግሥት በነበረችው በካትሪን ላይ የሚነገረው የመርዝ ነገር ወሬ ነው። የናቫር ንግሥት ዣን ዳልብሬ በ1572 ፓሪስ ላይ ስትሞት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) «በተመረዘ ጓንት ገደለቻት» ተባለ፤ ሴትዮዋን የገደላት ግን የሳንባ ሕመም ነው። ቁም ሣጥኑም የወረቀትና የጌጥ ማስቀመጫ ሳይሆን አይቀርም። ባዕድ፣ የነጋዴ ዘር፣ በዚያ ላይ ሴት! ለሐሜት ከዚህ በላይ ምን ይመቻል?

በ1519 ፍሎረንስ ተወለደች፤ ወር ሳይሞላት እናትም አባትም አጣች። ከተማው በገዢው ቤተሰቧ በሜዲቺዎች ላይ ሲነሣ የስምንት ዓመት ሕፃኗን መያዣ አድርጎ ገዳም ለገዳም አንከራተታት። በ14 ዓመቷ ዘመዷ የሆኑት የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 7ኛ ማርሴይ ወስደው ለፈረንሳዩ ልዑል ለአንሪ ዳሯት። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ በዚያው በ1533 መጀመሪያ ላይ ቦሎኛ ውስጥ የአፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ ከፖርቱጋላዊው ቄስ ከአልቫሬዝ እጅ የተቀበሉት እኚሁ ጳጳስ ናቸው። ይህን ሳነብ ዓለም ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች ገርሞኝ ነበር።

አሥር ዓመት መካን ተባለች። የባሏ ልብ ደግሞ ሃያ ዓመት ገደማ ከምትበልጣት ከዲያን ደ ፑዋትዬ ጋር ነበር። በኋላ አሥር ወለደች፤ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በ1559 ነግሦ የነበረው ባሏ አንሪ በፈረስ ግጥሚያ ላይ የጦር ስባሪ ዓይኑ ገብቶ በአሥረኛው ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም።

አባትሽ ያረፈ ጊዜ ድንኳኑ ሳይነሣ ምክር ሊሰጠኝ የመጣውን ዘመድ ሁሉ አስታውሳለሁ። ስለዚህ የሴትዮዋ ነገር ይገባኛል። እሷን የከበቧት ግን አንደኛው ወገን የጊዝ ቤተሰብ ካቶሊኮች፣ ሌላኛው ፕሮቴስታንቶቹ ሁግኖቶች፣ ሁለቱም ባለ ጦር ነበሩ። በኩሯ ፍራንሷ ነግሦ በ1560 ሲሞት ዘውዱ ለአሥር ዓመቱ ለሻርል ደረሰና እሷ ሞግዚት ሆና መንግሥቱን ያዘች። በ1561 የሁለቱንም ወገን ሊቃውንት ፑዋሲ ላይ አከራከረች፤ አልተስማሙም። እሷ ግን አልተወችውም፤ በ1562 መጀመሪያ ሁግኖቶች ከከተማ ቅጥር ውጭ እንዲያመልኩ አዋጅ ወጣ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የጊዝ መስፍን ሰዎች ቫሲ ላይ በአንድ ጎተራ ውስጥ ሲጸልዩ የነበሩትን ፈጇቸው፤ ጦርነቱም ተጀመረ።

ይህን ሁሉ ስልሽ ጠበቃ የቆምኩላት እንዳይመስልሽ። በ1572 ልጇን ማርግሪትን ለሁግኖቱ ለናቫሩ አንሪ ዳረች፤ የሰርግ እንግዳው ገና ፓሪስ ሳለ የሁግኖቶቹ መሪ ኮሊኚ በጥይት ቆሰለ። ማን እንዳዘዘ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በማግስቱ ማታ በሉቭር ቤተ መንግሥት ውስጥ በተደረገው ምክር ግን እሷ ነበረችበት፤ መሪዎቹ እንዲገደሉ እዚያ ተወሰነ። ኦገስት 24፣ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት፣ ግድያው ከመሪዎቹ አልፎ ወደ ሰፈሩ ወረደ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አረደ፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። ሟቾቹ በትንሹ ሲገመቱ እንኳ በሺዎች ናቸው።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «ለልጆቿ ብላ ነው» ይሉኝ ነበር። ይህን አልቀበልም። ኮሊኚም ልጆች ነበሩት፤ ሉዊዝ የምትባለው ልጁ በዚያ እልቂት አባቷንም ያገባችውን ባሏንም አጣች። መርዙ ውሸት መሆኑ ይህን አይፍቅላትም። እንዲያውም የሚያናድደኝ አስጎብኚዎቹ በሌለ መርዝ ተጠምደው እውነተኛውን ደም ሳይናገሩ ማለፋቸው ነው።

ወደ ፎቶሽ ልመለስ። ያ ቁም ሣጥን ያለበት ፎቅ የእሷ መኖሪያ ነበር፤ ከሻርል በኋላ የነገሠው ልጇ የአንሪ 3ኛ ክፍል ከበላዩ ነው። ዲሴምበር 23፣ 1588 ንጉሡ የዚያን ጊዜውን የጊዝ መስፍን አስጠርቶ እዚያው ላይ በዘበኞቹ አስገደለው፤ ከዚያ ወርዶ አልጋ ላይ ለነበረችው ለታመመች እናቱ መግደሉን ነገራት። በ13ኛው ቀን ሞተች። ከአሥሩ ልጆቿ በሕይወት የቀሩት እሱና ማርግሪት ብቻ ነበሩ፤ እሱንም በ1589 አንድ መነኩሴ በጩቤ ገደለው።

ቁም ሣጥኑን ብቻ ነው ያነሣሽው። ሁለተኛ ስትሄጂ ቀና በይና የክፍሏን ጣራ አንሺልኝ።

እናትሽ